ማን አሻገረህ?

ዛሬ ጠዋት ቡራዩ ታክሲ ተራ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው ሳያስፈቅደኝ ክንዴን ያዘ። መዳፉ ሻካራ ነው፣ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። «ወዴት ነህ ወንድሜ?» አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ይዞኝ መራመድ ጀመረ። ድሮ ቢሆን ክንዴን መንጭቄ «ይቅርታ፣ እኔ እችላለሁ» እለው ነበር። ዛሬ ግን ሽታው አፌን ዘጋው። ታክሲው ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላም እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ድረስ ያን ቅዳሜ ሳስብ ሄድኩ፤ ብቻዬን አዲስ አበባን ለማየት የወጣሁበትን ቅዳሜ።

ለማየት ስልህ እንዳይገርምህ። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዓይኔ አያይም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታኝ በግራ ዓይኔ በኩል ቀላ ያለ ነገር ይመጣብኛል፤ ከዚያ ውጭ ብርሃን ብዬ የምጠራው የለኝም። ቢሆንም ሰው አንድ ከተማ ደርሶ ሲመለስ «አየሁት» ነው የሚለው። እኔም ሄጄ፣ ሰምቼ፣ አሽትቼ፣ ረግጬ ስመለስ አየሁት ነው የምለው። ሌላ ቃል ፍለጋ የምደክምበት ምክንያት የለኝም።

ሰበታ ያመጣችኝ እህቴ ናት። ሰዉ ከደቡብ ተነስቶ ሰበታ የሚመጣው ፋብሪካ ፍለጋ ነው። እሷ የመጣችው ግን እኔን የሚቀበል የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ ሲባል ሰምታ ነው፤ ፋብሪካው ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ነው። እናታችን ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እህቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ፣ አንድ ፌስታል በእጇ አንጠልጥላ ከመኪና ወረደች ይባላል፤ እኔ የማስታውሰው ጀርባዋን ብቻ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች፣ ከአንድ ሽማግሌ ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራየች። ከሥራ ስትመለስ ጋዋኗ የማሽን ዘይት ይሸት ነበር። ፀጉሯ ላይ የቀረውን የጥጥ ብናኝ በጣቴ እየፈለግሁ የምለቅምላት እኔ ነበርኩ።

እጄን ስትይዝ ታዲያ አያድርስ ነው። ገበያ፣ ፀጉር ቤት፣ ጸሎት ቤት፣ የትም ብንሄድ አትለቀኝም። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ፣ ድምፄ ጎርንኖ፣ በመዘምራኑ መካከል የወንዶቹን ድምፅ እየመራሁ እንኳ ከመድረክ ስወርድ እጇ ደረጃው ሥር ይጠብቀኛል። አፍር ነበር፣ እናደድም ነበር። እሷ በሌለችበት እኮ ሰበታ ውስጥ ንጉሥ ነበርኩ። ሰበታ እኛን ለምዳናለች፤ የባጃጅ ሹፌሩ የበትራችንን ድምፅ ሲሰማ ያቆማል፣ መንገድ ዳር የዘረጋውም ነጋዴ ዕቃውን ሰብሰብ ያደርጋል። ከሰበታ ውጭ ግን ብቻዬን ረግጬ አላውቅም ነበር።

የዚያ ሰሞን እህቴን አንድ ግንበኛ ይፈልጋት ነበር። የአገራችን ልጅ ነው፤ የምንሄድበትም ጸሎት ቤት አንድ ነው። ጫንጮ ላይ ብዙ ዓመት የሚያቆይ ሥራ አግኝቶ እዚያው ቤት ተከራይቷል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ላከ። እህቴ ለስላሳ አቀረበችላቸውና እኔን «ውሃ ቅዳ» ብላ አስወጣችኝ። ቧንቧው ያለው ከግድግዳችን ሥር ነው፤ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሰማሁ።

«ልጁንም ይዘሽው ነዪ ብሏል እኮ» አለ አንደኛው።

«ትምህርቱስ?» አለች እህቴ። «እዚህ ያሉት መምህራን ያውቁታል፣ ጓደኞቹም እዚህ ናቸው። ትቼው ብሄድ ደግሞ በመሀላችን ያ ሁሉ ከተማ አለ። ስናፍቀው እንዴት አድርጎ ነው የሚመጣው? ያን ሁሉ አስፋልት ማን ያሻግረዋል?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርብኝ» አለች።

ሰበታ ከአዲስ አበባ ወዲህ በጅማ መንገድ ናት፤ ጫንጮ ደግሞ ከወዲያ፣ ከሱሉልታም አልፎ። ከእኛ ቤት ተነስቶ ጫንጮ የሚሄድ ሰው ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለበት። እህቴ ያን መንገድ በሐሳቧ ሄደችበት፣ በየአደባባዩ ዳር እኔን ግራ ገብቶኝ ቆሜ አየችኝ፣ ከዚያ ትዳሯን ተወችው። ሽማግሌዎቹን ሸኝታ ስትመለስ ጀሪካኑ አለመሙላቱን አይታ ተቆጣችኝ። ስለሌላው ነገር አንድ ቃል አልወጣትም።

እኔን ግን መቀመጥ አቃተኝ። እራት በላሁ አልበላሁ አላውቅም። ብሬይል መጽሐፌን ዘርግቼ ጣቴ አንድ መስመር ላይ ሲመላለስ አመሸ። አንድ ሰው በእኔ ምክንያት እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርበት መስማት ምን እንደሚመስል ልነግርህ አልችልም፤ አልጋው ላይ ስገላበጥ ሰውነቴ ሁሉ ያሳክከኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ እሷን ይዞ እስኪሄድ ጠብቄ ተነሳሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። የጫንጮ መኪኖች የሚነሱት አዲሱ ገበያ መሆኑን ሰምቻለሁ። እዚያ እሄዳለሁ፣ አንዱን መኪና በእጄ እነካለሁ፣ እሷ ከሥራ ሳትገባ እመለሳለሁ። በዚያውም ስንት የሚወራለትን ከተማ እግረ መንገዴን አያለሁ። አንድ ሕግ ብቻ ለራሴ አወጣሁ፦ ማንንም አልጠይቅም፣ ማንም እንዲይዘኝ አልፈቅድም። ሰው ከያዘኝማ ምኑን ቻልኩት? እህቴ ፊት ቆሜ «ብቻዬን ሄድኩ፣ ብቻዬን መጣሁ» ማለት ነበረብኝ።

«አካም ቡልቴ ጉርባ፣ እንዴት አደርክ ልጄ፣ በጠዋት ወዴት ነው?» አሉኝ አከራያችን፣ በሩ ላይ በጋቸውን እያሰሩ።

«የመዝሙር ልምምድ አለን አባባ።»

«ነጋን ገሊ» አሉኝ። በሰላም ግባ ማለታቸው ነው። እርሳቸውን መዋሸት ከበደኝ፤ ቢሆንም እግሬ ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓለም ገና ስንደርስ የባጃጁ ጩኸትና የእርጥብ ድንች ሽታ በመስኮቱ ገባ። አንዲት ሴት ዶሮዎቿን እግሬ ሥር አስቀመጠች፣ አንዷ ዶሮ ጫማዬን ስትነቁር ሄድን። ደስ ብሎኝ ነበር። መኪናው በቆመ ቁጥር ግን የኮቴን ቁልፍ እየፈታሁ መልሼ እቆልፋለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው «በርዶህ ነው?» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። እኔ ደግሞ ከፈትኩት።

አየር ጤና ስወርድ ድምፁ እንደ ዝናብ ወረደብኝ። ጡሩምባው፣ ሙዚቃው፣ ሰዉ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ግን ወዲያው አንድ ነገር ገባኝ። ይሄ ከተማ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ታክሲ በሩ ላይ ቆሞ የሚሄድበትን ቦታ የሚጮህ ሰው አለው። ዓይናማው ሊያነብ የሚችለው ታፔላ ባይኖር ይቸገራል፤ እኔ ጆሮዬን ብቻ ይዤ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» የሚለውን ድምፅ መከተል ነው። እየተከተልኩ ሳለሁ ወያላው በብብቴ ሥር ይዞ አንስቶ አስገባኝ።

«ቀስ በል፣ ዕቃ አይደለሁም እኮ» አልኩት።

«ይቅርታ ብሮ፣ እንዳትወድቅብኝ ብዬ ነው።»

ይሄኛው አይቆጠርም አልኩ በልቤ። ታክሲ ማስገባት ሥራው ነው።

ጦር ኃይሎች ላይ ከታክሲ ወርጄ ባቡሩን መፈለግ ጀመርኩ። ያኔ ባቡሩ አዲስ ነበር፤ የክፍሌ ልጆች ስለ እሱ ሲያወሩ ስለከረሙ እሱን ሳልሳፈር ከተማ ሄድኩ ማለት አልችልም። የሐዲዱን ድምፅ ለመስማት አንድ ቦታ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። መጠየቅ የለም። ምናልባት ብዙ ቆሜ ይሆናል፤ አንዲት ሴትዮ መጥተው ክንዴ ሥር እጃቸውን አስገቡ።

«ና የኔ ልጅ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ።»

ወደዚያው ማለት ወደየት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ሕጌ አለ። ሰዉም በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄድ ስለነበር ባቡር ነው ብዬ ደመደምኩ። ሴትዮዋ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጃቸው ሚስት እየነገሩኝ ሄድን። በዙሪያችን የታጠበ ነጠላና የጧፍ ሽታ እየበዛ መጣ። ከዚያ የድምፅ ማጉያው ስብከት ጀመረ። እኔም ያኔ ነቃሁ። ዕለቱ የወር በዓል ኖሯል፤ ሴትዮዋ ጸበል የምሄድ መስሏቸው ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። ደግሞም እኮ አልተሳሳቱም፤ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ በበዓል ጠዋት መንገድ ዳር ዝም ብሎ ከቆመ ሌላ ወዴት ሊሄድ ይችላል?

«እዚህ ጥላው ሥር ቁጭ በል። ሲረጩ እመጣልሃለሁ» ብለው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጠውኝ ገቡ። የመዘምራኑ መሪያችን በዚያ ቢያልፍና ቢያየኝ ምን እንደሚል አሰብኩ። ወዲያው አንድ እጅ ጭኔ ላይ ትኩስ ዳቦ አስቀምጦ ሄደ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«የማን ቦታ ላይ ነው የተቀመጥከው?» አለ ከጎኔ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

«አላውቅም አባባ፤ አስቀመጡኝ።»

«የአንዲት ሴትዮ ቦታ ነው። እግሯን እያመማት ነው የምታረፍደው። በል ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ በል፣ ስትመጣ ትቆጣለች።»

ጠጋ አልኩ። ፀሐይዋ ግንባሬ ላይ ከፍ እያለች መሆኑ ይታወቀኛል። የእህቴ ፈረቃ የሚያልቀው ከሰዓት ነው። ተነስቼ ልሂድ ስል ሽማግሌው ኮቴን ይዘው «ገና አልረጩም፣ ቁጭ በል» አሉኝ። በመጨረሻ አመለጠኝ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ባቡር ፈልጌ ነው።»

«ባቡር?» አሉ። «ታዲያ ለምን አትናገርም?»

ዳቦውን ለሳቸው ሰጠኋቸው፤ ገምሰው ግማሹን መለሱልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንድ ሰው ጠሩ፦ «አንተ ብርቱካን፣ ዕቃህን እኔ እጠብቅልሃለሁ፣ ይሄን ልጅ ባቡሩ ጋ አድርስልኝ።» ብርቱካን ሻጩ ምንም አላንገራገረም። ሸቀጡን ሜዳ ላይ ለልመና የተቀመጠ ሽማግሌ ጋ ትቶ ክንዴን ያዘና እያሯሯጠ ወሰደኝ። ስሙን አልጠየቅሁትም፣ እሱም የእኔን አልጠየቀም። የምነግርህ እጁ ሻካራ እንደነበረና ብርቱካን ብርቱካን እንደሚሸት ብቻ ነው።

ባቡሩ ጢም ብሏል። ገና እግሬ ሲገባ «ተነሺ ልጄ፣ አስቀምጪው» አለ አንድ ሰው። «መቆም እችላለሁ» ስል አንድ ከባድ እጅ ትከሻዬን ተጭኖ አስቀመጠኝ። በዚህች ከተማ መቆም እንኳ በፈቃድ ነው እንዴ ብዬ ተበሳጨሁ። ሕጌ እንደሆነ ተሰብሯል፤ ከተሰበረ አይቀር ብዬ ጠየቅሁ።

«ውጭ ምን ይታያል?»

«ሕንፃ» አለ አንዱ።

«ከዚያስ?»

«ሌላ ሕንፃ።»

«ይሄኛው መስታወት ነው፣ ያብረቀርቃል» አለች አንዲት ሴት። «ኧረ ጅምር ነው፣ እንጨት ተደግፎበታል» አለ ሌላው። እሷ የምታየው በዚህ በኩል፣ እሱ የሚያየው በዚያ በኩል ሆኖ ተከራከሩ። ቦታዋን የለቀቀችልኝ ልጅ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጀመረች። «አንድ ሰውዬ ጣሪያ ላይ ሆኖ ጥርሱን እየፋቀ ነው። አሁን ተፋ። ውይ፣ የተሰጣ ልብስ ላይ ተፋ።» ባቡሩ ሳቀ። «ሁለት ሰዎች ፍራሽ ተሸክመው እየሄዱ ነው፤ እነሱ አይታዩም፣ እግር ያወጣ ፍራሽ ነው የሚታየው። ውሻ አሸዋ ክምር ላይ ተኝቷል። ሴትዮዋ ምንጣፍ እየደበደበች ነው፣ አቧራውን እሷው ትጠጣዋለች።» ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። በግራም በቀኝም ያሉት ያዩትን ለመናገር መሽቀዳደም ጀመሩ፤ በየቀኑ በዚያ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው፣ ግን እነሱም ያን ጊዜ ገና ያዩት ይመስል ነበር። እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ እግር ያወጣ ፍራሽ ነው።

ስታዲየም ወርጄ ፒያሳ ሄድኩ። ስንት መንገድ እንደተሻገርኩ እንጃ፤ አንዱንም ግን ብቻዬን አልተሻገርኩም። በትሬ የአስፋልቱን ጠርዝ ሲነካ አንድ እጅ ከየት መጣ ሳይባል ይመጣል። አንድ ወታደር ነበር፤ ቃል ሳይናገር አሻግሮኝ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ፣ የጫማውን ድምፅ ብቻ ነው የማውቀው። ሁለት ተማሪዎች በየትኛው በኩል ማን ይያዘው ብለው እኔን መሀል አድርገው ተጣሉ። አንድ ሰውዬ ከሆነ ሰው ጋር በስልክ እየተጨቃጨቀ ያዘኝ፣ እየተጨቃጨቀ አሻገረኝ፣ እየተጨቃጨቀ ለቀቀኝ፤ እኔን መያዙን ማወቁን እጠራጠራለሁ። ፒያሳ ላይ ከየኬክ ቤቱ በር የሚወጣውን የቅቤና የቡና ሽታ እየተከተልኩ ቁልቁል ወረድኩ፣ ሽቅብ ወጣሁ። በትሬን መሬት ላይ ስመታው ድምፁ ከአሮጌ ግድግዳዎቹ ተመልሶ ይመጣልኝ ነበር። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ አልተመለሰልኝም። ብዙዎቹ ግድግዳዎች እንደፈረሱ የነገረኝ በትሬ ነው።

እግሬ ግን አንድ ቦታ አላስቆም ብሎኝ ነበር። ከተማውን አየዋለሁ ብዬ መጥቼ እየሮጥኩበት ነው። አዲሱ ገበያ፣ አዲሱ ገበያ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አዲሱ ገበያ አየሩ ሌላ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ አንገቴ ውስጥ ገባ። ገና ከታክሲ ሳልወርድ ሰማሁት፦ «ሱሉልታ ጫንጮ፣ ጫንጮ አንድ ሰው፣ ሞላ ሞላ።» ወደ ድምፁ ሄጄ እጄን ዘረጋሁ። ቆርቆሮው ሞቅ ያለ ነበር፣ ጭቃ ደርቆበታል። ወያላው ክንዴን ያዘ፤ ማን ይቀራል።

«ግባ ጋሽዬ፣ አንተን ነው የምንጠብቀው።»

«አልሄድም። ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«መኪናውን።»

«ይሄን ቅራቅንቦ?» አለና ሳቀ። «ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከሰበታ። የጫንጮ መኪና እዚህ መቆሙን ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

«ሁልጊዜ እዚሁ ነው፣ የት ይሄዳል ብለህ ነው? ጫንጮ ማን አለህ?»

«ማንም። ገና ነው» አልኩት።

መኪናው ሞላና ተነሳ። ድምፁ ዳገቱን ሲወጣ፣ ማርሽ ሲቀይር፣ እየቀጠነ ሲሄድ ሰማሁት። እዚያ ቆሜ ፈራሁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ መንገዱን ስለመክፈት እንጂ መንገዱ ከተከፈተ ማን እንደሚሄድበት አላሰብኩም ነበር። እህቴን እንዲህ ባለ ጠባብ መኪና፣ ጉልበቷ ላይ ሻንጣ አስቀምጣ፣ እኔ ሳልኖር ስትሄድ ታየችኝ። ያን ጊዜ ወደ ቤቴ መብረር አማረኝ። እንደ ሕፃን እሷን ፈለግሁ።

መልሱ ግን አልቀናኝም። ዝናብ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋጋ፣ ታክሲው ውስጥ የረጠበ ሱፍና የሰው ትንፋሽ ሽታ ታፍኖ ተቀመጥን። ያኔ ስልክ አልነበረኝም። እህቴ አሁን ገብታለች እላለሁ፣ አሁን ጠርታኛለች፣ አሁን ጸሎት ቤት ሄዳ ልምምድ የሚባል ነገር አለመኖሩን ሰምታለች። ሹፌሩ ምን አለበት በክንፍ ቢሄድ እያልኩ ስቁነጠነጥ አጠገቤ ያሉት ሴት «ሽንትህ መጣ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ሰበታ ስደርስ ፀሐይዋ ከፊቴ ጠፍታለች። ግቢያችን በር ላይ የሰው ድምፅ ተሰብስቧል። አከራያችን «ዱፌራ፣ መጥቷል» ብለው ወደ ውስጥ ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ምንም ሳይሉ ጀርባዬን ዳበሱኝ፤ ቁጣ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋዋኗን አላወለቀችም፣ ሽታው ነገረኝ።

«የት ነበርክ?»

«አዲሱ ገበያ። የጫንጮ መኪና ያለበት።»

ዓርብ ዕለት ሁሉንም እንደሰማሁ ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ «ማን አሻገረህ?» አለችኝ።

«ራሴ» ልል አፌን ከፍቼ አልወጣ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የያዙኝ እጆች ሁሉ ክንዴ ላይ ያሉ መሰለኝ።

«አየር ጤና ላይ ማን አሻገረህ?»

«አንድ ወያላ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምሬቴን መቆጣጠር አቃተኝ። «አይለቁኝም እኮ። ልቀቁኝ ብል አይሰሙም። አንዱ ሲለቀኝ ሌላው ይይዘኛል። ወታደሩ አልጠየቀኝም፣ ሰውዬው በስልክ እያወራ ነው የጎተተኝ፣ ባቡር ውስጥ በግድ አስቀመጡኝ።» አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ትናንሽ ነገር እያነሳች ትጠይቀኛለች፦ ወታደሩ ምንም አላለህም? ተማሪዎቹ ስቀውብሃል? ሴትዮዋ ተመልሰው ቢመጡና ቢያጡህስ? ብርቱካኑን ለማን ትቶ ነው አንተን የወሰደህ? አጥር ሥር መቀመጤንና ግማሽ ዳቦውን መጨረሻ ላይ ነገርኳት፤ ትስቅብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቀችም።

«እንግዲያው ሰው አለ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«ሰውማ ሞልቷል። ችግሩም እሱ ነው» አልኳት። እኔ ተሸንፌ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ብቻዬን መሄድ እንደምችል ላሳያት ወጥቼ አንድ እርምጃ እንኳ ብቻዬን እንዳልሄድኩ ነገርኳት። እሷን አስጨንቆ የያዛት ግን ሌላ ነበር። ያ ሁሉ ከተማ ውስጥ እኔን የሚይዝ እጅ ያለው እሷ ጋ ብቻ ይመስላት ነበር።

ጋዋኗን አወለቀች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ስልኳን ይዛ ወጣች። ቧንቧው አጠገብ ቆመች፤ ግድግዳችን ስስ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። በአገራችን ቋንቋ ነበር የምታወራው። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «አዲሱ ገበያ ድረስ ሄዶ መጣ» አለችው ግንበኛውን። ከዚያ የነገርኳትን ሁሉ ትነግረው ጀመር፤ ወታደሩን፣ ተማሪዎቹን፣ በስልክ የሚጨቃጨቀውን። «አጥር ሥር አስቀምጠውት…» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ሳቀች።

ከጥቂት ወራት በኋላ አገባችው። እሷ ጫንጮ ገባች፣ እኔ ትምህርቴን ይዤ ሰበታ ቀረሁ፤ ዛሬ ትልቁ ልጇ ቁመቱ ደረቴ ጋ ደርሷል። ያን መንገድ ለበዓልም ለሐዘንም ተመላልሼበታለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሳይዘኝ የደረስኩበት ትዝ አይለኝም። የዚያን ቀን አመሻሽ ግን የማውቀው ይህን አልነበረም። እኔ የማውቀው ሳቋን ብቻ ነው።

ከእኔ ጋር ስትስቅ በአፍንጫዋ ነበር፣ አጭር፣ ወዲያው «በል እንግዲህ» የሚከተለው። ይሄኛው ከሆዷ የሚወጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ፣ ክፍላችን ውስጥ ያሉ ሴት ልጆች በእረፍት ሰዓት የሚስቁት ዓይነት ሳቅ ነው። እህቴ ወጣት ነበረች። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም አስቤው አላውቅም፤ እንደ እናት ነበር የያዝኳት። ደስ አለኝ። ከፋኝም፤ ያን ሳቅ እነዚያን ሁሉ ዓመታት የት አስቀምጣው እንደነበር አሰብኩ። ቀኑን ሙሉ አላስቀምጥ ያለኝ እግሬ አሁን አልነቃነቅ አለ። ሳል መጣብኝ። ከሳልኩ ትሰማኛለች፣ ከሰማችኝ ታቋርጠዋለች ብዬ ዋጥኩት።